ካርዱ የማይጠይቀው

ዳባት ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ለቅሶው ከበረደና አርባው ከወጣ በኋላ የሚመጣ አንድ እንግዳ አለ። ቄስ አይደለም፣ የእድር ሰብሳቢም አይደለም፤ የሞትን ምክንያት ሊጠይቅ የመጣ መረጃ ሰብሳቢ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በወረዳው ያቋቋመው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አገር ለቆ እንደሄደ ሲመዘግብ ቆይቷል። (የምርምሮቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛው ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሐኪም ሳያያቸው ያለፉ ናቸውና ፍንጭ ሊሰጥ የሚችለው አጠገባቸው የነበረው ቤተሰብ ብቻ ነው።

ጥያቄና መልሱ ይህን ይመስላል፤ የአንድ ቤት ታሪክ ሳይሆን በደጋው በየትኛውም ቤት ሊሰማ የሚችል ነው።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት። ባለቤትዎ ከማረፋቸው በፊት ደረታቸውን ያማቸው ነበር?»

«ደረቱንስ አላመመውም። ከእርሻ ገብቶ ‹ጨጓራዬን ያዘኝ› አለ። ተልባ በጥብጬ ሰጠሁት። ላብ አጠመቀው። ሲነጋ የለም።»

«ሰውነታቸው ወፍራም ነበር?»

«በዚህ አገር ምን ውፍረት አለ፣ ልጄ!»

«ሲጋራስ?»

«በደጃፉም አላለፈ።»

ቅጹን በኋላ ሐኪም ያነበዋል። በድንገት የመጣ ላብ፣ ከሆድ በላይ የጀመረ ጭንቀት፣ በአንድ ሌሊት ያለቀ ሕይወት። ሐኪሙ ሃርት አታክ ብሎ ይጠረጥራል፤ ጠርጥሮም ግር ይለዋል። ሟቹ ቀጭን ነው፤ አያጨስም፤ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይጾማል፤ ማሳው ዳገት፣ ገበያው ቁልቁለት ነው። «ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ» ተብለው በመማሪያ መጽሐፍ የተዘረዘሩት ነገሮች በአጠገቡም አያልፉም።

ዝርዝሩን ያወጣው ማን ነው? መነሻው በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ትንሽ ከተማ የተጀመረ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 5,209 ወንዶችና ሴቶችን መዝግበው ማን በልብ ሕመም እንደሚያዝ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ስኳር የሚለው ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዝርዝር በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። በ2004 ኢንተርሃርት የተባለው ጥናት በ52 አገሮች 15,152 ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ዘጠኝ ነገሮች አብዛኛውን የሃርት አታክ አደጋ እንደሚያስረዱ አሳየ። ከዚህ ውስጥ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የተገኙት ሕሙማን 578 ነበሩ፤ ከዘጠኝ አገሮች። ኢትዮጵያ ከዘጠኙ አንዷ አልነበረችም።

ዝርዝሩ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። በ2012 የታተመ ጥናት በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 28.3 በመቶው ደም ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ከእነዚህም ከሦስት አንዱ በላይ ግፊት እንዳለበት አያውቅም ነበር። እንግዲህ የታወቀው ጠላትም በየቤቱ ተደብቆ አለ። የእኔ ክርክር ዝርዝሩ አጭር ነው የሚል ነው። በሆስፒታሉ የቀጠሮ ካርድ ላይ የሚሞሉት ጥያቄዎች የፍራሚንግሃምን ሰው ይጠይቃሉ፤ የወገራንና የዳባትን ሰው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይተዉታል።

ወደ ደጋው ከመውጣታችን በፊት ሃርት አታክ ምን እንደሆነ በአጭሩ። ልብን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በውስጥ ግድግዳቸው ላይ ለዓመታት ስብና ብግነት ይከማችባቸዋል። ሰውየው ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን ያ ክምችት ይሰነጠቃል፤ ደም ስንጥቁ ላይ ይረጋል፤ ሥሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥፋተኛ አለ፦ ክምችቱን ለዓመታት የሚገነባና በዕለቱ የሚሰነጥቀው። ብዙ ያልተወራላቸው አደጋዎች ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ በሁለቱም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ደጋው ሰው ልብ የሚታወቀው ብዙው ነገር በሚያስገርም ሁኔታ በዚሁ አንድ መንገድ ዳርና ዳር ተሰባስቧል።

የመጀመሪያው ወለቃ ነው፤ ከከተማው እንደወጡ፣ የሸክላ ምስል ይሸጥበት የነበረው የቤተ እስራኤል መንደር። ነዋሪዎቹ ዛሬ የሉም። ከጎንደር ገጠሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ወጡ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። ለታሪክ ይህ የስደት ምዕራፍ ነው። ለሐኪም ግን አንድ ሕዝብ፣ ከነጂኑ፣ ከወለቃና ከአምቦበር ማሳ ተነሥቶ ወደ ፎቅ፣ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ አውቶቡስ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚታይበት ጊዜ ነበር።

ሲደርሱ ቀጫጭን ነበሩ፤ ስኳርና ኮሌስትሮል የብዙዎቹ ችግር አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ ግን ስኳሩም ግፊቱም ወጣ። የእስራኤል ሐኪሞችን ያስደነገጠው መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ የወጣው ባልወፈሩት ላይ ጭምር መሆኑ ነው። አንድ ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ አዋቂዎች ውፍረት በሌለበትም ከፍ ያለ የስኳር ሕመም እንዳላቸው አመለከተ። በ2016 የወጣ የ30 ዓመት መረጃ ላይ የተመሠረተ ሌላ ጥናትም እዚያ በቆዩ ቁጥር ስኳርና ግፊት እየጨመረ መሄዱን አሳየ። በሌላ አነጋገር፣ ለፈረንጅ የተሠራው የክብደት መለኪያ «ደህና ነህ» የሚለው የደጋ ሰው ስኳሩ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ይህ የቴል አቪቭ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከጊች መንደር ወደ ደባርቅ ከተማ የተዛወሩት አርሶ አደሮች፣ በጦርነት ተፈናቅለው ጎንደርና አዘዞ የገቡት፣ ማሳ ሸጠው ባጃጅ የገዙት ሁሉ የዚያን ጉዞ አጭር ክፍል እየተጓዙት ነው። ከማሳ የወጣው ሰው ክብደቱ ባይጨምርም ስኳሩንና ግፊቱን መለካት ይገባል።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ንጋት ላይ ከየሳር ቤቱና ከየቆርቆሮው ጣሪያ ጢሱ ተግተልትሎ ሲወጣ ከመንገዱ ያማረ ሥዕል ይመስላል፤ ፎቶ የሚያነሣ መንገደኛም አይጠፋም። ውስጡ የገባ ግን ቶሎ ይወጣል። ምጣዱ ጉልቻ ላይ ነው፤ የሚነደው እርጥብ ባሕር ዛፍና ኩበት ነው፤ መስኮት ቢኖር እንኳ ለብርዱ ሲባል በጨርቅ ተወትፏል። እናት አክንባሎውን ከፍታ እንጀራውን እስክታነሣ ጭስ ይሸፍናታል፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ። እንጀራ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጋገራል፤ ወጥ ግን በየቀኑ ነው፤ ጠላ ጠማቂና አረቄ አውጪ ከሆነች ደግሞ እሳቱ ጠዋት ማታ አይጠፋም።

ጭስ ሳንባን ይጎዳል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ዓይን እንደሚያጠፋም። ያልተወራው የልቡ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 32 በመቶው፣ የልብ ደም ሥር ሕመም ነው፤ የአንጎል ምት 23 በመቶ ሆኖ ይከተላል፤ የሳንባ ምች እንኳ 21 በመቶ ነው። ማለትም ከማጀት ጭስ ሞት ከግማሽ በላይ የሆነው በልብና በደም ሥር በኩል የሚመጣ ነው።

እንዴት ሆኖ? በጭሱ ውስጥ ያለው በጣም ደቃቅ ብናኝ ከሳንባ ጥግ ድረስ ዘልቆ ይገባል። ሳንባው ይቆጣል፤ ብግነቱ በደም ተሸክሞ ወደ መላ ሰውነት ይሄዳል፤ የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ ደም በቀላሉ የሚረጋ ይሆናል፤ ግፊትም ከፍ ይላል። ገንቢም ሰንጣቂም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም በላይ ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ መኖር የለበትም ይላል፤ ምጣድ የተጣደበት ዝግ ማጀት ይህን በብዙ አሥር እጥፍ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ስለሚቆጥብ ጥሩ ነገር ነው፤ ለደኑም ለእናቲቱ ወገብም። ለልብ ግን ጭሱን በግማሽ መቀነስ ጉዳቱን በግማሽ አይቀንሰውም። የጭስ ጉዳት ገና በትንሽ መጠን ሳለ በፍጥነት ይጨምራል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ግን ጭማሪው ይለዝባል። ስለዚህ በጣም ከሚጨስ ማጀት ወደ መጠነኛ ጭስ የወረደ ቤት ገና ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ጭሱ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጭስ ማውጫ፣ ከመኝታ የተለየ ማድ ቤት፣ በሚገባ የደረቀ እንጨት፣ ከተማ ላይ መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ልብ የሚያርፈው። ምድጃ አከፋፍለን ሪፖርት ጽፈን ጨረስን ማለት አይቻልም።

አንዲት የ50 ዓመት ሴት ደረቷን ጨንቋት ጤና ጣቢያ ብትመጣ «ታጨሻለሽ?» ትባላለች። «አላጨስም» ትላለች፤ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ለ43 ዓመት ከምጣድ ሥር እንደነበረች የሚጠይቃት የለም።

ከዳባት አልፎ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ በሳንቃ በር በኩል ወደ ፓርኩ ሲገባ ከ3,000 በላይ ነው። ደገኛው ስለ ራሱ የሚያወራው አንድ ነገር አለ፦ አየሩ ንጹሕ፣ ገብሱ ጠንካራ፣ ልቡም የማይደክም። ከፊሉ እውነት ነው፤ ምርምር ቀድሞ የደረሰውም እዚሁ ነው። በ1969 ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከሊማሊሞ ቁልቁል በ1,500 ሜትር የምትገኘውን አዲርቃይን ከደባርቅ ጋር አነጻጽረው ከፍታ በሰው አካል ላይ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ።

ይበልጥ የተወራለት ግን የ2002ቱ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ሆነው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። የተጠበቀው በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች እንደሚታየው የወፈረ ደም፣ አለዚያም በቲቤት እንደሚታየው ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ነበር። ሁለቱም አልተገኘም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፤ ደማቸው የያዘው ኦክስጅን 95.3 በመቶ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚኖር ሰው ማለት ነው። ዓለም ሦስተኛ የመላመድ መንገድ እንዳለ ያወቀው ከእኛው ተራራ ነው፤ ይህን ጎንደር ውስጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢበዛ ደስ ይለኝ ነበር።

ደም ካልወፈረ በቀላሉ አይረጋም፤ ይህ ለልብ መልካም ነው። ነገር ግን በ2011 ከቢል ጋር የሚሠሩ የልብ ሐኪሞች በአማራ ደገኞች ላይ ልብን ከሳንባ በሚያገናኘው ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ብሎ አገኙት። ተራራው ለልብ ከነአካቴው ነጻ ስጦታ አልሰጠም። ብርዱም አለ። በስዊድን ከ274,000 በላይ ሃርት አታክ የያዛቸውን ሰዎች የመዘገበ ጥናት አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ሃርት አታክ እንደሚበዛ በ2018 አሳይቷል፤ ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ግፊትን ያነሣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በሳንቃ በር ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ይህ ሩቅ አይደለም። ለገብሱ ግን ደገኛው ትክክል ነው፦ በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን በቀን ሦስት ግራም ያህል ሲበላ ክፉውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በሶና ቆሎን ለፓስታ መልቀቁ ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ካርድ ላይ የማይጽፈው ነገር፦ ሰውየው የተጸነሰበት ዓመት። በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድ በጀርመን ከበባ ሥር ተርባ ነበር። ተመራማሪዎች በዚያ ረኀብ ወቅት በእናታቸው ማኅፀን የነበሩትን ሰዎች 50 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ፈለጓቸው። በጽንሱ መጀመሪያ ወራት ረኀቡ ያገኛቸው የልብ ደም ሥር ሕመም በዝቶባቸው ተገኘ። በጭንቅ ጊዜ የተሠራ አካል ጥቂት ምግብን አጥብቆ ለመያዝ ተዘጋጅቶ ይወለዳል፤ በኋላ ምግብ ሲመጣ ያ ዝግጅት ራሱን ይጎዳል የሚል ነው ማብራሪያው። እኛም 1977 ዓ.ም. አለን። በዚያ ረኀብ ጊዜ በሰሜን ኢትዮጵያ የተጸነሱት ዛሬ 40 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የልብ ሕመም መታየት የሚጀምርበት ዕድሜ።

የዚህ ሌላኛው ገጽ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲታይ ቆይቷል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በስኳር ክሊኒካቸው ከገጠር የሚመጡት ሕሙማን ወጣት፣ በጣም ቀጫጭን፣ ድሃ አርሶ አደሮች መሆናቸውን አስተዋሉ፤ ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፣ የሕመሙ መልክ ግን በመጽሐፍ ካለው ጋር አይገጥምም። በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ በምግብ እጥረት የሚመጣው ስኳር ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። ዓለም ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው በሚያዝያ 2025 ነው። ስኳር ያለበት ሰው ለሃርት አታክ ያለው ተጋላጭነት የታወቀ ነውና፣ ረኀብ በስተኋላ በር ገብቶ ልብን ያገኘዋል ማለት ነው። የልብ ሕመም የሀብታም በሽታ ነው የሚለው ጨዋታ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ በቂ ነበር፦ «በእርግዝናሽ ጊዜ ግፊት ነበረብሽ?» ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ከወሊድ በኋላ የሚጠፋ ይመስላል፤ ያበጠው እግር ይጎድላል፤ እናትም ትረሳዋለች። በ2007 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰላ ሥራ ግን ይህ የገጠማቸው ሴቶች በኋለኛ ዘመናቸው በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። የወሊድ ካርድ ተዘግቶ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ሴቲቱ በ45 ዓመቷ ስትመጣ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ሁለቱ ካርዶች አይተዋወቁም።

ስለ ሐዘን የተጻፈውን ሳነብ ጎንደሬ የሆነ ሁሉ እንዲያነበው እመኛለሁ። በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሰው የሚወደውን ሰው በሞት ባጣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሃርት አታክ አደጋው 21 እጥፍ እንደሚደርስ አሰላ። ሐዘን የጭንቀት ሆርሞኖችን ያፈሳል፤ ግፊት ይነሣል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ሰውየውም እንቅልፍ፣ እህልና መድኃኒት ይተዋል። እኛ ደግሞ መርዶ የምናረዳው ንጋት ላይ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ። ሃርት አታክ ከቀኑ ሰዓታት ሁሉ የሚበዛው ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ መሆኑ ከ1985 ጀምሮ የታወቀ ነው። ወጉን አፍርሱ አልልም፤ ሐዘንተኛን ዘመድ ከብቦት ማርዳቱ ታላቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን የልብና የግፊት ሕመምተኛን የሚያረዳ ሰው ሕመምተኛው መድኃኒቱን አስቀድሞ መውሰዱን ይወቅ፤ ለቅሶ ቤትም ሳለ ክኒኑን የሚያስታውሰው አንድ ሰው ይመደብለት። ይህ ለእድር ከባድ ሥራ አይደለም።

መርዶው ደግሞ በዝቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲርቃይንና ዛሪማን አልፎ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው የክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፍት ከርሟል። መንገድ ሲዘጋ የግፊት ክኒን ያልቃል፤ ቀጠሮ ያልፋል፤ በሌሊት ታማሚ ይዞ መንቀሳቀስ ያስፈራል። የጦርነት ሙት ተብሎ የሚቆጠረው በጥይት የወደቀው ብቻ ነው።

ተላላፊ በሽታም በዕለቱ ሰንጣቂዎች ውስጥ ነው። በ2018 በካናዳ በተሠራ ጥናት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው በሰባት ቀን ውስጥ የሃርት አታክ አደጋው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ እኛ ብርድ መታኝ ብለን የምንተኛበት ሳምንት ማለት ነው። ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ ያለባቸው ሰዎችም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ እንኳ አደጋው ወደ 50 በመቶ ያህል እንደሚጨምርባቸው በ2013 ታውቋል። በ2023 የወጣውና በ12 አገሮች 7,769 ሰዎችን ያሳተፈው ሪፕሪቭ የተባለ ሙከራ ኮሌስትሮል የሚቀንስ አንድ ክኒን ይህን የልብና የደም ሥር አደጋ በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጎንደር ውስጥ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመሩ ሃያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች አሉ፤ ከቫይረሱ አምልጠው ልባቸውን እንዳይዘነጉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጫትን በአጭሩ፦ በ2005 የመን ውስጥ 100 የሃርት አታክ ሕሙማንን ከ100 ጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት አብዝተው በሚቅሙት ላይ አደጋው እጅግ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ቀድሞ የተሠራ ሌላ የየመን ጥናት ደግሞ በቃሚዎቹ ዘንድ ሃርት አታክ የሚመታበት ሰዓት ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ በርጫው ሰዓት እንደዞረ አስተውሏል። ጣና ዳር ጫት ማሳ ከሆነ፣ በጎንደርም ጫት ቤቱ ከበዛ ወዲህ ይህ ለተማሪዎቻችን የሚነገር ነው።

የሚረጋውን ዘይት፣ በቡናም በወጥም የምንጨምረውን ጨው (በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አማካዩን በቀን 8.3 ግራም አድርሶታል፤ የሚመከረው ከ5 በታች ነው)፣ ከወዳደቀ ብረት ቀልጦ ከሚሠራ ድስት ሊወጣ የሚችለውን እርሳስ ለሌላ ጊዜ ላቆየው። እርሳሱ ግን ቀላል አይደለም፤ በ2023 የታተመ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ስሌት በ2019 ብቻ 5.5 ሚሊዮን አዋቂዎች በእርሳስ ምክንያት በመጣ የልብና የደም ሥር ሕመም እንደሞቱ ገምቷል።

የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ወባ በደምቢያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተመረጠው መንገድ ታማሚን ሆስፒታል ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያዩ ነበር። ለልብም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በክልሉ ጤና ቢሮም በዩኒቨርሲቲውም ላሉት ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የግፊትና የስኳር ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር። በጭስ ማጀት ስንት ዓመት? በእርግዝና ግፊት ነበር? በቅርብ ሐዘን ወይም መፈናቀል ደርሷል? ለዚህ አዲስ መሣሪያ አይገዛም፤ አዲስ ሕንፃ አይሠራም።

ለአንባቢ ደግሞ። የተዘጋ የልብ ደም ሥር በፊኛ የሚከፈትባቸው ሆስፒታሎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ለደገኛው ወሳኙ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቅርቡ ጤና ተቋም ነው። በ1988 የወጣው አይሲስ-2 የተባለ ሙከራ 17,187 ሕሙማንን አሳትፎ፣ ቶሎ የተሰጠ አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚከሰተውን ሞት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ስለዚህ እረፍት ቢያደርጉም ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ የደረት ወይም ከሆድ በላይ ያለ መጨነቅ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካስከተለ፣ ታማሚው ቀጭንም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን፣ የማያጨስም ቢሆን ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ። ተልባውን ተዉት፤ ጸበሉም ነገ ይደርሳል፤ ያን ሌሊት ኢሲጂ (የልብ መመርመሪያ መሣሪያ) ወዳለበት ሂዱ፤ እንደደረሳችሁም ስለ አስፕሪን ጠይቁ።